የገዳሪፍ ስደተኛ፦ የሚባለውና የሆነው

ሱዳን ድንበር ላይ ሐምዳይት ዘንድ ተከዜን በጀልባ የሚሻገር ሕዝብ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ የጀሪካን ሰልፍ። የትግራይ ጦርነት ሕዝቡን ካፈናቀለበት ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ምሥራቅ ሱዳን ስደተኞች ያየነው ምስል ከዚህ ብዙ አይርቅም። ምስሉ ውሸት የለበትም። ችግሩ የአንድ ቀን ምስል መሆኑ ነው፤ ካሜራው የሚደርሰው ሰው ወንዝ በሚሻገርበት ቀን ነው፣ ያውም መንገዱ ደረቅ ከሆነ። የገዳሪፍ ምድር መረሬ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል መኪና ይውጣል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዕበል የኡም ራኩባንና የቱናይድባህን የስደተኛ ካምፖች ድንኳኖች ሲበጣጥስ፣ ዜናው የወንዝ ማቋረጡን ያህል ቦታ አላገኘም። በዚያች የአንድ ቀን ምስል ላይ ግን ብዙ ተረት ቆሟል።

“ስደቱ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ነው”

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ሰዉ በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፈ። የመጣው ሱዳናዊ ብቻ አልነበረም፤ ዓመታት ሱዳን የኖረ ኢትዮጵያዊ፣ ኤርትራዊ፣ አልፎ ተርፎም ቱርካዊ ነበረበት። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ በኩል ኩመርና አውላላ በተባሉት ካምፖች የሰፈሩት ሱዳናውያን በታጣቂዎች ዝርፊያና ጥቃት ተማረሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉት አውላላን ለቀው በእግራቸው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። “እንግዳ ተቀባይ ነን” የሚለው ዘገባችን ይህን ክፍል ሲዘለው አያለሁ።

ወደ ኋላ ብንሄድም ነገሩ ያው ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከትግራይ ብዙ ሕዝብ እግሩ እስኪላጥ ተጉዞ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። ዓለም የረሃቡን ፊት ከኮረም በተላከው የቢቢሲ ዘገባ አውቆታል። ያላወቀው ግን የዚያኑ ዓመት፣ ክረምቱ ሳያልፍ ለእርሻ ለመድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በእግራቸው መመለሳቸውን ነው። ዘር ለመዝራት የሚመለስ ገበሬ እርዳታ ከሚጠብቅ ሰው ሥዕል ጋር አይገጥምም።

“ካምፑ የተዋጊ መደበቂያ ነው”

ይሄኛው ሰው የሚያጣላ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይካድራ ውስጥ ጅምላ ግድያ ተፈጸመ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ኅዳር 15 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ቢያንስ 600 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ፤ በድርጊቱም “ሳምሪ” የተባለውን የትግራይ ወጣቶች ቡድን ከሰሰ። በዚያው ሰሞን ሱዳን የገቡ የትግራይ ተወላጆች ደግሞ እዚያችው ከተማ ውስጥ በአማራ ታጣቂዎች የተገደሉት የእነሱ ወገኖች መሆናቸውን ለውጭ ጋዜጠኞች ይናገሩ ነበር። የአንዱ ጣቢያ ተመልካች ካምፑን የገዳይ ዋሻ፣ የሌላው ተመልካች የንጹሓን ምስክር መንደር አድርጎ ተቀበለው። ጎንደርና መቀሌ ስለ አንድ ድንኳን የሰሙት ወሬ ሰማይና ምድር ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ኮሚሽኑና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጋራ ያወጡት ምርመራ ሁለቱንም አስፍሯል፦ ሳምሪ ከ200 በላይ አማሮችን መግደሉን፣ ከዚያም በትግራይ ተወላጆች ላይ የበቀል ግድያ መፈጸሙን። ግማሽ ግማሹን ሲያሰራጩ ለከረሙት ይህ የሚመች መልስ አልነበረም።

ሱዳን የገባው ሕዝብ ከ60 ሺህ በላይ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከገቡትም ወደ ግማሽ የሚጠጉት ልጆች ነበሩ። ከዚህ ሁሉ መካከል ወንጀል የሠራ የለም ብሎ የሚምል ሰው ሞኝ ነው። ሕጉም ይህን አስቀድሞ አስቦታል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በጦር ወንጀልና በሰብዓዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል በብርቱ የሚጠረጠርን ሰው ከስደተኛነት ጥበቃ ውጭ ያደርጋል፤ ስደተኞች ከተሰደዱበት አገር ድንበር ራቅ ብለው እንዲሰፍሩም ይጠይቃል። ሰዉን ከሐምዳይት አንስቶ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ከድንበር ወደሚርቀው ኡም ራኩባ መውሰድ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሕጉ ግን ሰውን የሚመዝነው አንድ በአንድ ነው። ዜናው በጅምላ ይመዝናል።

በጅምላ መመዘኑ የሚሰውረውም ሰው አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሺዎች የሚቆጠሩ ቅማንቶች ከጎንደር ምዕራብ ሸሽተው ገዳሪፍ ገብተዋል። “ስደተኛው ማለት የትግራይ ስደተኛ ነው” ብሎ ለለመደ ጆሮ እነዚህ የሉም።

“እጁን ዘርግቶ ነው የሚኖረው”

ገዳሪፍ የሱዳን ትልቁ የሰሊጥ ገበያ ነው። አረሙና አጨዳው ሲደርስ ከኢትዮጵያ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዛት ከጥንት የታወቀ ነው፤ ቡናና ሻይ እያፈላች የምትሸጥ ሐበሻ ያልታየበት የሱዳን ከተማም አይገኝም። ሐምዳይት ላይ ታማሚ ሲያክሙ ከነበሩት አንዱ ራሱ ከሑመራ የሸሸ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ታዲያ ስደተኛው ለምን ራሱን አይችልም? ሱዳን እ.ኤ.አ. የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል በነፃነት የመንቀሳቀስ መብትን የሚመለከተውን 26ኛውን አንቀጽ በተጠባቂነት አልፋዋለች፤ የስደተኞች ሕጓም ከካምፕ መውጣትን በፈቃድ ያስራል። ሰውን ሜዳ ላይ አስቀምጦ “አይሠራም” ማለት እግሩን አስሮ “አይሮጥም” እንደማለት ነው። በእኛ በኩል አዋጅ 1110/2011 ስደተኛ እንዲሠራ በወረቀት ፈቅዷል፤ አውላላ ላይ ግን ጥያቄው ሥራ ሳይሆን ሌሊቱን በሰላም ማደር ነበር።

“ሁሉም አውሮፓ ሊገባ ነው” የሚለውን ባጭሩ እንለፈው። በሊቢያ በኩል የሚሞክር አለ፣ የሰው አዘዋዋሪም አለ። ከዓለም ስደተኞች ሁለት ሦስተኛ ገደማው ግን ጎረቤት አገር ላይ ነው የቀረው።

“ወሬው በወጣ ቁጥር ስደተኛው ይጠቀማል”

ይህን ገዳሪፍ ራሷ ታስተባብለዋለች። ከጎንደርና ከትግራይ በእግር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን እነ ኡም ራኩባ ውስጥ ማንነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ፤ በመንገድና በካምፕ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉት አልቀዋል። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በምሥጢር እየተጫኑ በካርቱም በኩል ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ቆይተው ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሱዳን ከዓረብ መንግሥታት የሚመጣባትን ግፊት ፈርታ በታኅሣሥ መጨረሻ በረራውን አስቆመችው። ያልተጫኑት እዚያው ቀሩ፤ ከእነሱ ወደ 500 የሚጠጉትን የአሜሪካ አውሮፕላኖች በመጋቢት ከገዳሪፍ አጠገብ ካለ ማኮብኮቢያ አንስተው ወሰዱ።

ሐምዳይት ላይ ለጋዜጠኛ ሲናገሩ ሙሉ ስማቸውን ያልሰጡት በርካታ ሰዎች በዚህ ዓይን ቢታዩ ደግ ነው። ወንዙ ማዶ የቀረ ቤተሰብ ነበራቸው። ስማቸውን መሰወራቸውን የውሸታቸው ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ግን ዛሬም አይጠፋም።