ቲነሩ ይቆይ

አሮጌ መኪና የሚወድ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ሞተር ሲያወራ ይውላል፣ ስለ ቆርቆሮ ሲያወራ ያመሻል። ስለ ፕላስቲክ የሚያወራ ግን ብዙም አልሰማሁም። ባለ ላዳው ካርቡሬተሩን ፈትቶ በጨለማ መግጠም ይችላል፤ ባለ ዲኤክሱ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የጎደለውን ይናገራል። ስፖኪዮው ከምን እንደተሠራ ሲጠየቁ ግን ሁለቱም «ፕላስቲክ ነዋ!» ብለው ያልፋሉ። እኔ እንዲህ ብሎ ማለፍ አልሆንልህ ብሎኛል። በፕላስቲክ ላይ የደረቀ አሮጌ ቀለም ማንሳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሙያው የሚጀምረውም ከቀለሙ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ነው።

ምሳሌ ትሁነን ብዬ ላዳን ይዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት የጀመረችው 2101 በፊያት 124 አምሳል የተሠራች ናት፤ ውጪዋ ቆርቆሮና ክሮም ነው። በ1980ዎቹ 2105 እና 2107 ሲከተሉ ክሮሙ ለጥቁር ፕላስቲክ ቦታ መልቀቅ ጀመረ። የ2105 ፓራውልት ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ ላዩ ጥቁር ፕላስቲክ ለብሷል። አዲስ አበባ እነዚህን መኪኖች ሰማያዊና ነጭ አልብሳ ታክሲ አደረገቻቸው። ታክሲ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀባል። ቀቢው ለመስታወቱ ጋዜጣ ይለጥፋል፤ ለፕላስቲኩ የሚራራ ግን ጥቂት ነው። መኪናዋ ከኮድ 1 ወደ ኮድ 2 ስትዛወር በሰማያዊው ላይ ሌላ ቀለም ይደረባል። ስለዚህ ዛሬ አንዲት ላዳ ገዝቶ ወደ ጥንት መልኳ ልመልሳት የሚል ሰው፣ ግሪሏ ላይ የሦስት ባለቤቶችን ምርጫ ተደራርቦ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ፕላስቲክ ያው ፕላስቲክ ነው» የሚለው አነጋገር በአገራችን ጋራዦች ያበላሸው ዕቃ ተቆጥሮ አያልቅም። መኪና ላይ በብዛት ከምናገኛቸው ፕላስቲኮች ሦስቱን እንያዝ፤ ጠባያቸውም ለየቅል ነው። ኤቢኤስ ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ያለው ነው፤ ግሪል፣ የስፖኪዮ ልባስና የስም ምልክት ይሠራበታል። ፖሊፕሮፒሊን ሲነኩት ሰም ሰም የሚል፣ የሚተጣጠፍ ነው፤ ፓራውልትና የጭቃ መከላከያ ይሆናል። ፖሊካርቦኔት ጥንካሬ በሚፈለግበት ቦታ ይገባል። ቲነር ለመጀመሪያው መርዝ ነው፤ ሁለተኛውን ላፍታ ቢነካው ምንም አይለውም፤ ሦስተኛውን ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ታዲያ የያዙት የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ጨርቅ ቲነር ውስጥ መንከር ምን ይሉታል?

በቅርብ ዘመን መኪኖች ላይ መልሱ ዕቃው ጀርባ ላይ ተጽፏል፤ በሁለት የቀስት ምልክቶች መካከል ጥቂት የላቲን ፊደላት አሉ። ይህን ያስለመደው አይኤስኦ 11469 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ላይ ጽሑፉን ማግኘት ዕድል ነው። ላዳችን አሮጌ ስለሆነች መልሱን ከብርጭቆ ውሃ እንፈልጋለን።

ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ፤ ስለዚህ አንባቢ ይታገሠኝ። ዕቃውን ከመኪናው ያውልቁት። ከጀርባው፣ ዓይን ከማያየው ጠርዝ፣ በምላጭ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ስንጥር ይላጩ። ቀለም የነካት መሆን የለባትም፤ ቀለም ከባድ ስለሆነ ይዋሻል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ላርጎ ይጨምሩ። ላርጎው የሚያስፈልገው ውሃው ደረቅ ፕላስቲክን በገጹ ላይ ስለሚሸከም ነው፤ መስመጥ ያለባት ስንጥርም በአየር አረፋ ተይዛ ልትንሳፈፍ ትችላለች። ስንጥሯን በጣት ወደ ታች ገፍተው ይልቀቋት። ተመልሳ ብቅ ካለች ፖሊፕሮፒሊን መሆኗ የሚጠበቅ ነው፤ የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ሲሆን የፖሊፕሮፒሊን 0.9 አካባቢ ነው። ከሰመጠች ፈተናው ይቀጥላል። የኤቢኤስ 1.05፣ የፖሊካርቦኔት 1.2 ገደማ ነው። እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨው ጨምረው ያሟሙ። ውሃው ይከብዳል። ስንጥሯ አሁን ከተነሣች ከኤቢኤስ ወገን ናት፤ እዚያው ወለሉ ላይ ከቀረች ፖሊካርቦኔትን ወይም ሌላ ከባድ ፕላስቲክን ይጠርጥሩ።

አንድ ወጥመድ አለ። ፋብሪካዎች ፓራውልት እንዲጠነክር ፖሊፕሮፒሊን ውስጥ ታልክ የተባለ የማዕድን ዱቄት ይቀላቅላሉ። ዱቄቱ ሲበዛ ፖሊፕሮፒሊኑ ይከብድና ልክ እንደ ኤቢኤስ በንጹህ ውሃ ይሰምጣል፣ በጨው ውሃ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ ስንጥሯን አድርቀው አንድ ጠብታ አሴቶን ያንጠባጥቡባት፤ የጥፍር ቀለም ማጥፊያውም አሴቶን ያለበት ከሆነ ይበቃል። ኤቢኤስ ከሆነች ትለሰልስና ጣት ላይ ትጣበቃለች። ፖሊፕሮፒሊን ከሆነች እንደነበረች ትደርቃለች። ጠብታው ስንጥሯ ላይ እንጂ ዕቃው ላይ አይደለም! ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው «ትንሽ ልሞክረው» ብለው ግሪሉን ፊት ለፊት የሚነኩ ሰዎች ስላሉ ነው።

አንድ ጊዜ በአንድ ጋራዥ የአንዲት አሮጌ መኪና የስፖኪዮ ልባስ በቆርቆሮ ጣሳ ቲነር ውስጥ ሲነከር ደረስኩ። ቀቢው በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይሟሟል» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቲነር ቀለም እንጂ ፕላስቲክ አይበላም» ብለው ቡና ጋበዙኝ። ሁለተኛው ሳይቀዳ ልባሱ ጣሳው ውስጥ ጎብጦ ነበር። አውጥተው አገላብጠው አዩትና «የድሮ ፕላስቲክ እንዲህ አይልም ነበር» አሉ። ዕቃው ግን ከመኪናዋ ጋር አብሮ የተሠራ፣ የድሮ ከተባለም የድሮ የሚባለው እሱ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ጥፋት ወዲያው ስለሚታይ እንኳ ደግ ነው። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ፕላስቲክ ቀልጦ በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ሲገባና ሲቀዘቅዝ በውስጡ ውጥረት ይቀራል። ውጥረቱ ይበልጥ የሚሰበሰበው ብሎን በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ክሊፕ በሚይዝበት ጫፍና በማዕዘን ላይ ነው። ቲነር ወይም ቤንዚን እዚያ ሲደርስ የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ማያያዣ ያላላል፤ ተወጥረው የነበሩት ይንሸራተታሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት ቀለሙ ለቅቋል፣ ዕቃው ንጹህ ነው። በሌላ ቀን ተገጥሞ ብሎኑ ሲጠብቅ «ጠሽ!» ይላል። ባለቤቱ ገጣሚውን ይሰድባል፤ ጥፋቱ ግን የአጣቢው ነበር።

የፍሬን ዘይትም እንደዚሁ ነው። መኪና ቀለም ላይ ከፈሰሰ እንደሚያነሳው ሁሉም ያውቃል፤ ከዚህ ተነሥቶ ፕላስቲክ ውስጡ የሚዘፈዝፍ አይጠፋም። ዶት 3 እና ዶት 4 በኤቢኤስና በፖሊካርቦኔት ላይ ያንኑ ስንጥቅ ያመጣሉ። ከብሎን ቀዳዳ ውስጥ አጥቦ ማውጣቱም አስቸጋሪ ነው።

ታዲያ በምን ይነሣል? ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ይህ ፕላስቲክ ቀለምን በተፈጥሮው አይወድም። ፋብሪካ በእሳት ነበልባል ካላከመው ወይም ልዩ መያዣ ፕሪመር ካልተቀባ ቀለሙ ላዩ ላይ ተቀምጦ እንጂ ይዞ አይደለም። አብዛኛው ቀቢ ይህን ፕሪመር ይዘለዋል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ስንፍና ጠቀመን! ላቫጆ ወስደው ባለ ግፊት ውሃውን በአግድም ከጠርዙ ያስይዙት፤ ብዙው እንደ ቅርፊት ይነሣል። የቀረውን ሰፊ ፕላስተር ለጥፎ ባንድ ጊዜ መንቀል ነው። እዚህ ላይ ብቻ፣ ለግትሩ ቅሪት፣ ቲነር የነካ የጥርስ ብሩሽ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠባል።

ኤቢኤስ ከሆነ አልኮል ነው። የቀለሙን ዓይነት አስቀድመው ከቆርቆሮው ላይ ይፈትኑ፤ በማይታይ ቦታ ቲነር በነካ ጨርቅ ሲያሹት ቀለሙ ጨርቁን ካቀለመው የናይትሮ ዓይነት ነው፤ በአልኮልም ቀስ ብሎ ይለሰልሳል። ጨርቅ በአልኮል ነክረው ዕቃው ላይ ያልብሱት፣ በፌስታል ጠቅልለው ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽና በቀጭን የእንጨት ስንጥር ያንሱ። እየደጋገሙ መሥራት ነው። ጨርቁ ካልቀለመ ግን ቀለሙ ከማጠንከሪያ ጋር የተቀባ ነው፤ አልኮል አይነካውም። እሱን በእንጨት ጠርዝ ፈቅፍቆ የሚለቀውን ያህል ማንሳት ነው፤ የማይለቀውን መተው ይሻላል። በጀል መልክ የሚሸጡት ኃይለኛ ቀለም ማላቀቂያዎች ለቆርቆሮ ይሁኑ። ብዙዎቹ ይዘውት የኖሩት ሜቲሊን ክሎራይድ ኤቢኤስን የሚያሟሟ፣ ለሰውም አደገኛ በመሆኑ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች ለቀለም ማንሻነት እንዳይሸጥ የከለከለችው ነው። አልኮሉም ቢሆን ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ አይከፈት።

የብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም። የላዳ ጥቁር ፕላስቲክ በብዛት ልሙጥ አይደለም፤ ቆዳ የሚመስል ንቅሳት አለው። ንቅሳቱ የመጣው ብረቱ ቅርጽ ማውጫ በአሲድ ተበልቶ ነው፤ ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ቀለም ቢቀባ ይነሣል፣ ቢደበዝዝ ይታከማል፤ በወረቀት የተፋቀ ንቅሳት ግን በምንም አይመለስም። ሶማሌ ተራ ሄደው በልሙጥነቱ የሚያብረቀርቅ «አዲስ የመሰለ» አሮጌ ፕላስቲክ ሲያዩ እባክዎ አይደነቁ። ፊቱ ተገፎ የቀረ ነው።

ስለ 2107 ክሮም ግሪል አንድ ነገር ካልነገርኩ አልተኛም። ብረት የሚመስለው ያ ግሪል ፕላስቲክ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ኤቢኤስ የሚመረጥበት ምክንያት ውስጡ የተበተኑት ጥቃቅን የጎማ ቅንጣቶች ናቸው። ፋብሪካው በክሮሚክ አሲድ ሲያጥበው ቅንጣቶቹ ተበልተው ዓይን የማያያቸው ጉድጓዶች ይቀራሉ፤ ብረቱ ሥሩን የሚሰድደው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ መዳብ፣ ኒኬል፣ በመጨረሻም ስስ ክሮም ይደራረባል። ስለዚህ ክሮሙ ላይ የተቀባን ሰማያዊ ቀለም ፊት ለፊት ማንሳት ይቻላል፤ ብረቱ ፕላስቲኩን ይከልለዋል። ፈሳሹ ክሮሙ ከተሰነጠቀበት ወይም ካልተለበጠው ጀርባ ከገባ ግን ፕላስቲኩን ከሥር ይበላውና ክሮሙ ይገለበጣል። በአልኮል የራሰ ጨርቅ እንጂ ነክሮ መዘፍዘፍ የለም።

ቀለሙ ከተነሣ በኋላ ፕላስቲኩ ግራጫ ሆኖ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ፀሐይ የሠራችው ነው። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ናፍጣ መቀባት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ጥቁረቱ አቧራ እስኪይዘው ድረስ ብቻ ነው፤ ናፍጣው የበርና የመስታወት ጎማዎችን ያሳብጣል። ለፕላስቲክ የተሠራ፣ ውሃ ላይ የተመሠረተ ማደሻ በስሱ ይበቃል።

አልኮልን ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ ከአንድ ቦታ ላርቀው፦ ከመብራትና ከፍሬቻ ሽፋን። ከአክሪሊክ የተሠራው ቀይና ብርቱካናማ ሽፋን አልኮል ሲነካው በውስጡ ሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። እዚያ ላይ የተረጨ ቀለም በለብ ያለ የሳሙና ውሃ ይርሳና በጥፍር ይነሣል።