የጥቁር ጭስ ዕዳ በሐይቅና በአምባሰል መንገድ

ከደሴ ተነሥቶ በቦሩ ሜዳ በኩል ቁልቁል የሚጓዝ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው እዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። አየሩ ለጤና የተስማማ ነው። ይሁን እንጂ ሲመለስ፣ ዳገቱ ላይ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ከፊቱ የገጠመው እንደሆነ፣ መስኮቱን ዘግቶ አፍንጫውን ይይዛል። ደብተራቸውን አንግበው በመንገዱ ዳር የሚሄዱት ተማሪዎች ግን የሚዘጉት መስኮት የላቸውም።

ጭሱ ስለምን ይጠቁራል? ናፍጣ በሚገባ የሚነደው በቂ አየር ሲያገኝ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በዚህ ላይ ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነና ፖምፓው ከልክ ያለፈ ናፍጣ ከላከ፣ ሳይነድ የቀረው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ሳንባን የሚጎዳው ይኸው ደቃቅ ጥላሸት ነው። ባለመኪናውም ቢሆን በገንዘቡ የገዛውን ናፍጣ ወደ ሰማይ መበተኑ ነው።

መንግሥት በነገሩ ላይ ዝም አላለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ የቤት መኪና ላይ እንደ ዕድሜው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረጉ። ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲከፍል፣ ፈጽሞ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ግን ከቀረጡም ነፃ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ ሐሳቡ መልካም ነው።

ነገር ግን ልብ እንበል። እነዚህ ሁሉ እርምጃዎች የቆሙት በጉምሩክ በር ላይ ነው። በሩን ካለፈ ብዙ ዘመን የሆነው መኪናስ? እንዲያውም አዲሱ በተወደደ ቁጥር የአሮጌው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ባለቤቱም ይበልጥ ሙጭጭ ይልበታል። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሰውና እህል የሚያመላልስ አንድ ሚኒባስ ለቤተሰቡ እንደ እርሻ ነው። ዓመታዊውን ምርመራ አላለፍህም ብሎ ቦሎ መከልከል ቀላል ነው፤ ቤተሰቡ በማግሥቱ ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ ግን ቢሮ ውስጥ መልስ የለውም።

ግብፅ ይህን ጥያቄ በገንዘብ መልሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ2009 በካይሮ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ታክሲውን ያስረከበ ሰው ለአዲሱ መግዣ የሚሆን 5,000 የግብፅ ፓውንድና የባንክ ብድር ይሰጠው ጀመር፤ በዚህም ከ40,000 በላይ ታክሲዎች ተለውጠዋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ በጭስ ምርመራ የወደቀ መኪና ያለው ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ መኪናውን አስረክቦ ገንዘብ መቀበል፣ ወይም ገቢው አነስተኛ ከሆነ የጥገና እርዳታ ማግኘት።

በእኔ አስተያየት ለአምባሰል የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ለእያንዳንዱ ባለመኪና አዲስ መኪና የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? ፊልትሮ መለወጥና ፖምፓ ማስተካከል ግን በአንድ ጋራዥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከአሮጌ መኪና ከተሰበሰበው ኤክሳይዝ ጥቂቱ ለዚህ ቢመደብ፣ የወረዳው ሹም ቦሎ ከመከልከሉ በፊት ባለመኪናውን ወደ መካኒክ የሚልክበት ወረቀት በእጁ ይኖረው ነበር። ጋራዡም የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅምበት በርሜል ይኑረው፤ የሐይቅ ውሃ በወንዝ የሚወጣበት መውጫ ስለሌለው የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራልና።

መኪና በገንዘብ ይሰብሰብ ከተባለም አንድ ነገር አይዘነጋ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2009 ለአንድ አሮጌ መኪና ከ3,500 እስከ 4,500 ዶላር ሲከፍሉ፣ ሲሞቅ እንደ መስተዋት የሚደርቅ ፈሳሽ ሞተሩ ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ ሞተሩ ዳግመኛ እንዳይነሣ ነው። እኛ ዘንድ ግን አዲስ አበባ ላይ የተጣለ ሞተር በሱማሌ ተራ ተፈትቶ፣ ተጠግኖ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በውጫሌ ዳገት ላይ ሲያጨስ ሊገኝ ይችላል።