መዶሻ ስትገዙ ክብደቱን ብቻ አትዩ

አናጺነት ልትጀምሩ ነው? ሳይት ላይ ቀኑን ሙሉ ከእጃችሁ የማይጠፋው ዕቃ መዶሻ ነው። ብዙ ጀማሪ ሱቅ ገብቶ "ከባዱን ስጠኝ" ይላል፤ ከባድ ከሆነ ምስማር ቶሎ ያስገባል ብሎ ነው። ነገሩ ግን እንደዛ ብቻ አይደለም። ከአቅማችሁ በላይ የሆነ መዶሻ ክርንና አንጓ ይጎዳል። ክንዱ የታመመ አናጺ ደግሞ የዛን ቀን ገቢ የለውም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን እንያቸው።

1. ክብደት
ራሱ ላይ 16 ወይም 20 የሚል ቁጥር ካያችሁ አውንስ ነው። 16ቱ ወደ 450 ግራም፣ 20ው ወደ 570 ግራም ይሆናል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ደክሟችሁ በግድ የምታነሱት ከባድ መዶሻ፣ በደንብ ከምታፈጥኑት ቀላል መዶሻ ያነሰ ሊመታ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የእንጨት ቤት የሚያቆሙ አናጺዎች ከ600 ግራም በላይ የሆነና እጀታው ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ መዶሻ ይይዛሉ። ለጀማሪ ግን ከ450 እስከ 570 ግራም በቂ ነው እንላለን።

2. እጀታ
የእንጨት እጀታ ንዝረቱን ይቀንሳል፤ ቢሰበርም ይቀየራል። ስትገዙ የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ መውረዱን እዩ፤ አግድም ከሄደ ቶሎ ይሰበራል። ከራሱ ጋር አንድ ወጥ የሆነ ብረት ደግሞ አይወልቅም፣ ግን ንዝረቱ ክንድ ላይ ይደርሳል።

3. ምስማር መንቀያው
ጎበጥ ያለው ምስማር ለመንቀል ይመቻል። ቀጥ ያለው ደግሞ በጣውላና በሞራሌ መሀል ገብቶ ይፈለቅቃል። ሥራችሁ ፎርም ወርክ ማሰርና መፍታት ከሆነ ቀጥ ያለውን ምረጡ። ረጅም ምስማር ስትነቅሉ ከመዶሻው ራስ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ፤ ይቀላል፣ እጀታውም ይተርፋል።

4. ፊቱ
ፊቱ ላይ ትናንሽ ጥርስ ያለው መዶሻ ምስማሩ ላይ አይንሸራተትም። ግን እንጨት ላይ ምልክት ይተዋል። ኮንክሪቱ በሚነካው የጣውላ ገጽ ላይ ካረፈ ምልክቱ ኮንክሪቱ ላይ ይታተማል። ጣት ካገኘ ደግሞ ቁስሉ ይብሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለስላሳውን ያዙ።

5. ሱቅ ውስጥ ሞክሩት
የእጀታውን ጫፍ አካባቢ ይዛችሁ 20 ጊዜ ያህል በአየር ላይ አወዛውዙት። ከወዲሁ አንጓችሁ ከደከመ ቀለል ያለ ጠይቁ። ራሱን ነቅነቅ አድርጉት፤ ትንሽም ቢሆን ከተንቀሳቀሰ አትግዙት። ሲሠራ የወለቀ የመዶሻ ራስ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ መዶሻን በመዶሻ አትምቱ። ሁለቱም ጠንካራ ብረት ስለሆኑ ስባሪ ተፈናጥሮ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጫፉ የተሸረፈ መዶሻም ጡረታ ይውጣ። የዓይን መከላከያ መነጽር ከመዶሻው ጋር አብራችሁ ግዙ፤ መዶሻ ይተካል፣ ዓይን አይተካም።

ሥራ ለሚጀምር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተስ ስንት ግራም ነው የምትይዙት? ጻፉልን።