ገላውዴዎስ ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ከአሜሪካ ደወለልኝ። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ስለ እርግዝናው ሊያማክረኝ መስሎኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዕድሜ ልኩን በነርስነት የሠራ ሰው ዘመድ ሲደውልለት አስቀድሞ የሚያስበው ሕመም ነው። እሱ ግን፣ «እትዬ፣ ገላውዴዎስ ማለት አንካሳ ማለት ነው እንዴ?» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎም፣ «አያቴን እንደዚያ ያሏቸው ስለሚያነክሱ ነው?» ሲል ጨመረበት።

ገላውዴዎስ አባቴ ነው። በእኛ ወግ ቢሆን ስሙ ከእኔና ከወንድሞቼ ብዙም አያልፍም ነበር። ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ የአያት ስም የሚነሳው መዝገብ ሲሞላ ነው። የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ሲገባ ግን ፓስፖርቱ ላይ በመጨረሻ የተጻፈው የአያቱ ስም ስለነበር ያንኑ የቤተሰብ ስም አድርገው ያዙት። አባቴ በሕልሙም ባላያት አገር ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፖስታ አዳዩም «ሚስተር ገላውዴዎስ» ይላል። የሚወለደውም ሕፃን ይኸንኑ ሊወርስ ነው። ታዲያ አንድ የሥራ ባልደረባው የስሙን ትርጉም አይቶ ነገረው። ልጁ መሳቂያ እንዳይሆንበት ስሙን ማስቀየሪያ ቅጽ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል።

«እስቲ አትቸኩል፤ አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩት።

አባቴ ማነከሱስ እውነት ነው። ያነከሰው ግን በስተርጅናው፣ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ ነው። የወንድሜ ልጅ ነፍስ ሲያውቅ ያገኘው ምርኩዝ ይዞ ስለሆነ አይፈረድበትም። ስሙን ያወጡለት ሰኔ 11 ቀን ስለተወለደ ነበር። ዕለቱ የሰማዕቱ የቅዱስ ገላውዴዎስ በዓል ነው። የአባቴ አገር ደራ ነው፤ በደራ ገላውዴዎስ የሚባል ደብርም ቦታም አለ። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑ ሊቃውንት ይህን ደን ሰፋፊ ከሚባሉት ይቆጥሩታል። ጥድና ወይራው ዙሪያውን በታረሰው መሬት መካከል ከሩቅ ይታያል። በዚያ አካባቢ ለልጅ ገላውዴዎስ ብሎ ስም ማውጣት ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም።

ነገር ግን ባልደረባውም አልዋሸም። ስሙ ከግእዝ በፊት፣ ከግብጽም በፊት፣ የሮም ነው። ክላውዲዩስ በሮም የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የአንድ ትልቅ ወገን መጠሪያ ነበር። ሮማውያን ሲተርኩ፣ የወገኑ አባት አቲዩስ ክላውሱስ ከሳቢኖች አገር ቤተ ዘመዱን ይዞ ወደ ሮም የገባው ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ። በላቲን «ክላውዱስ» አንካሳ ማለት ስለሆነ ስሙን ከዚህ ቃል ጋር ያያይዙታል። የወገኑ ሴት ልጆች ደግሞ ሁሉም ክላውዲያ ነበሩ። ሦስት ቢወለዱ ሦስቱም ክላውዲያ! በእኛ ካርድ ክፍል ቢመጡ ምን ይዋጠን ነበር?

ስሙን ከማንከስ ጋር ይበልጥ ያጣበቀው ከ41 እስከ 54 ዓ.ም. የነገሠው ቄሣር ክላውዲዩስ ነው። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩን ይጎትት፣ አንደበቱም ይያዝ ነበር። ቤተሰቡ ያፍርበት ስለነበር ለሹመት አላሰቡትም፤ እናቱ እንኳ ክፉ ቃል ትናገረው እንደነበር ተጽፏል። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ቀድሞ የልጅነት ልምሻ ነው ሲሉ ቆይተው፣ ኋላ ላይ ገና በጨቅላነቱ በአንጎሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ሳይሆን አይቀርም ወደሚለው አዘንብለዋል። በሙያዬ ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆች አይቻለሁ። ጓዳ ውስጥ ተደብቀው ያደጉ፣ አእምሯቸው ግን ምንም ያልጎደለበት ነበሩ። የእሱም እንዲሁ ነበር፤ ነግሦ ብሪታንያን የያዘው ይኸው የተናቀው ሰው ነው። ዋናው ነገር ግን ስሙ ስላነከሰ የወጣለት አለመሆኑ ነው። ወገኑ ከመወለዱ አምስት መቶ ዓመት አስቀድሞ በስሙ ሲጠራ ኖሯል። ልክ እንደ አባቴ ስሙ ቀድሞ ነበር፤ ማንከሱ ኋላ መጣ።

ይህን ቄሣር አንባቢም ያውቀዋል። በሐዋርያት ሥራ ረሃብ የሆነው በዘመኑ ነው፤ አይሁድን ከሮም ያስወጣውም እሱ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቀላውዴዎስ» ተብሎ በ«ቀ» ስለተጻፈ ከእኛው ገላውዴዎስ ጋር አንድ ስም መሆኑ ልብ አይባልም። እኔም ስድሳ ዓመት አልፎኝ ነው ልብ ያልኩት።

ታዲያ የሮም ወገን ስም እንዴት ደራ ደረሰ? በሮም ነፃ የወጣ ባሪያ የጌታውን፣ አዲስ ዜግነት ያገኘ ሰውም ዜግነት የሰጠውን ሰው የወገን ስም ይይዝ ነበርና ስሙ በየአገሩ ተበተነ። ግብጻዊው የከዋክብት ሊቅ በጥሊሞስ እንኳ ክላውዲዩስ በጥሊሞስ ነው። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ሰማዕት የሆነው የአንጾኪያው ገላውዴዎስም ይህንኑ ስም የያዘ ነበር። የእሱን ታሪክ የግብጽ ክርስቲያኖች ጠብቀው ለእኛ አስተላለፉልን። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በፈረስ ተቀምጦ፣ ከፊሉ ሰው ከፊሉ አውሬ የሆነውን ፍጡር በጦር ሲወጋ ያያችሁት እሱ ነው። ከዚህ ሥዕል ሥር ቆሞ ያደገ ሰው ስሙን ሲሰማ የሚታየው ጋላቢ እንጂ አንካሳ አይደለም።

ስሙን በአገራችን ያነገሠው ደግሞ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. የገዛው አጼ ገላውዴዎስ፣ የልብነ ድንግልና የሰብለ ወንጌል ልጅ ነው። ኢማም አሕመድ የወደቁበት የ1543ቱ የወይና ደጋ ውጊያ የተደረገው ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በእኛው ወገን ነው። የወለተ ጴጥሮስን ገድል በ1672 እ.ኤ.አ. የጻፈው መነኩሴም ስሙ ገላውዴዎስ ነው።

ዛሬም ስሙ በእኛ አገር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን አጥሮ «ገላው» ሆኗል። አባቴንም ሰፈሩ በሙሉ ስሙ ሲጠራው አልሰማሁም። የሚያስቸግረው አጻጻፉ ነው። ገላውዴዎስ፣ ገላውዲዮስ፣ ገላውድዮስ እያልን እኛው ጤና ባለሙያዎች እንደመጣልን እንጽፈው ነበር። አንዲት እናት ልጇን ለክትባት አምጥታ የመጀመሪያው ካርድ በአንድ አጻጻፍ፣ ሁለተኛው በሌላ ተሠርቶ፣ ሕፃኑ እንደ ሁለት ልጅ ተቆጥሮ አግኝቼዋለሁ። «የኔ ልጅ መንታ ሆነ?» ብላ ስቃለች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የትኛውን ክትባት እንደወሰደ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

በነገራችን ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይላል። ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። የቤተሰብ ስም የምናወጣው አውሮፕላን ከተሳፈርን በኋላ ነው፤ ያውም መርጠን ሳይሆን ባጋጣሚ።

ሳምንቱ ሲሞላ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። በመጨረሻ፣ «እሺ እትዬ፤ ግን ሴት ናት ብለውናል። ሴት ልጅ ገላውዴዎስ ስትባል አይከብድም?» አለ።

«እኔስ እስከ ዛሬ ማን ተብዬ ነው የኖርኩት?» አልኩት።

በሳቅ ፈነዳ። ደረቴ ላይ የነበረውን የስም ባጅ እሱም ያስታውሰዋል፤ ሲስተር እገሊት ገላውዴዎስ ይል ነበር። ቅጹን ሳይሞላ ተወው።

ልጅቷ ኅዳር ላይ በሰላም ተወለደች፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። የልደት ምስክር ወረቀቷን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። መነጽሬን አድርጌ ፊደል በፊደል ሳየው መሐል ያለችውን «ው» ዘለዋታል፤ ገላዴዎስ ይላል። ወዲያው ደወልኩለት። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ እንዲያስተካክል ነግሬው ቀጠሮ ይዟል።