አርጎብኛ፦ በቅርብ ዘመዱ ጥላ ሥር ያለ ቋንቋ



ከቦሩ ሜዳ ተነሥቶ በደሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ከሚሴ የሚወርደው መንገድ አርጎብኛ ዛሬም የቤት ቋንቋ ወደሆነባቸው ወደ ሾንኬና ጦለሃ ያቀርበናል። በሌሎች ብዙ የአርጎባ መንደሮች ቋንቋው ስለ ምን ተዳከመ?

በካናዳ የዳኬል ሕዝብ ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከልክለው ነበር። አርጎብኛ ግን በአመዛኙ በገበያ፣ በጋብቻና በትምህርት በኩል ቀስ በቀስ ስፍራውን ለቀቀ፤ በሰሜን ለአማርኛ፣ በሐረር በኩል ለኦሮምኛ። ከአማርኛ ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ ሌላ አደጋ ጨመረበት። ለማያውቀው ሰው የተበላሸ አማርኛ ይመስላልና፣ ተናጋሪው ሲተወው ቋንቋ እንደ ጠፋ ሳይሆን ስሕተት እንደ ታረመ ይቆጠራል።

አንድ ቃል እንመልከት። የግእዙን «አሐዱ» አማርኛ «አንድ» ሲለው፣ አርጎብኛ «ሃንድ» ይለዋል። አማርኛ የጣለውን ድምፅ አርጎብኛ ጠብቆታል። ስሕተት የመሰለው አነጋገር ለአማርኛ የራሱ ታሪክ ምስክር ነው ማለት ነው።

ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋፋትኛን ሲያጠኑ ያገኟቸው ተናጋሪዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ቋንቋው የለም። የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1997 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። መጽሐፍ ቃላትን ያቆያል፤ ቋንቋን የሚያቆየው ግን ለልጁ የሚያወርሰው ወላጅ ነው። ወላጁም እንዲያወርስ፣ አንደበቱን «የተበላሸ አማርኛ» ማለታችንን አስቀድመን እኛ መተው ይገባናል።