ብረት ምጣዱን ከመጣላችን በፊት



በጀሞ፣ በለቡና በመካኒሳ ቤት ተከራይተን በጋራ የምናበስል ተማሪዎች ብረት ምጣድ ሲዝግ ወይም ምግብ ሲይዝ «አበቃለት» ብለን እንጥለዋለን። አላበቃለትም፤ የጎደለው ማሟሸት ነው።

እናቶቻችን አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ሳያሟሹ እንጀራ አይጋግሩበትም። ብረትም እንዲሁ ይሟሻል። በስሱ የተቀባ ዘይት በኃይለኛ ሙቀት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ፤ ፖሊመራይዜሽን የምንለው ይህ ነው። ጥቁሩ ሽፋን ምግብ እንዳይይዝ ያደርጋል፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል።

የዛገውን እንዲህ እናድነው፦

1. ዝገቱን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትገን እናጥበውና እሳት ላይ እናድርቀው።
2. ጥቂት ዘይት በጨርቅ ቀብተን፣ ያልተቀባ እስኪመስል መልሰን እንወልውለው። ዘይት ከበዛ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።
3. መስኮት ከፍተን ጭሱ እስኪያቆም እናግለውና ይቀዝቅዝ። ሦስት አራት ጊዜ እንድገመው።

ከዚያ በኋላ ጥበቃው ቀላል ነው። ትኩሱን ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንክተት፤ ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። የቲማቲም ስልስ አናሳድርበት፤ አሲዱ ሽፋኑን ይበላዋል። በረመዷንም ከኢፍጧር በኋላ ውሃ ሞልቶ እስከ ሰሑር ማስቀመጥ ይቅር፤ ተረኛው አጥቦ፣ እሳት ላይ አድርቆ፣ ዘይት ነካ አድርጎ ያስቀምጠው።

ምጣዱ ሁላችንም ባዋጣነው ብር የተገዛ ነው። ኢስራፍን መተው ከማዕድ ቤታችን ይጀምር።