ስለ ባልትና ንግድ

ባልትና የሚለው ቃል ባልቴት ከሚለው ስም ጋራ የተዛመደ ነው። ጥንት ሲነገር በቤት አያያዝ የበሰለች፣ እህሉን ከጎተራ እስከ ገበታ ድረስ የምታውቅ ሴት ሙያ ማለት ነበረ። ዛሬ ግን ከሳሪስ ተነሥቶ በቃሊቲ በኩል ወደ አቃቂ የሚወርድ መንገደኛ ይህነኑ ቃል በሱቅ ሰሌዳና በከረጢት ላይ ተጽፎ ያነበዋል። ሽሮና በርበሬ፣ በሶና ቆሎ፣ ድልህና እንጀራ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ ባልትና ተብሏል። የሙያ ስም የነበረው የንግድ ቤት ስም ሆነ ማለት ነው። አንባቢ ይህነን የቃል መለወጥ እንደ ቀላል ነገር እንዳያየው እንለምናለን፤ ሴት በጓዳዋ ስትሠራው የምትመሰገንበትን ሥራ ወደ ገበያ ባወጣችው ጊዜ የምትነቀፍበት ዘመን ሩቅ አይደለምና።

ነቀፌታው ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ ኮማሪ የሚለውን ስም መመርመር ይበቃል። ኮማሪ ማለት ጠላና ጠጅ ነግዳ የምታድር ሴት ናት፤ በዋናው ትርጓሜ ከዚህ የሚከፋ ነገር የለበትም። ዳሩ ግን ቃሉ በሰው አፍ ውሎ ሲያድር የስድብ ጠረን ያዘ። አንዲት ሴት ለባልዋ እንግዶች ጠጅ ጥላ ብታቀርብ ባለሙያ ትባላለች፤ ያነኑ ጠጅ በብርሌ እየቀዳች ብትሸጥ ኮማሪ ትባላለች። እጅዋ አንድ፣ ማሩ አንድ፣ ጌሾውም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ በመካከል የገባው ገንዘብ ብቻ ነው። በአገራችን ባለ እጅና ነጋዴ የተናቀበት ጊዜ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን ወንዱ ነጋዴ ሀብቱ ሲበዛ ንቀቱ ይፋቅለት ነበረ፤ በሴቲቱ ላይ ግን ሀብትዋ በበዛ ቍጥር ሐሜቱም ይበዛባት ነበረ።

ይህነን ነውር በአደባባይ አስቀድመው የሰበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አሠርተው ምግብና መጠጥ በዋጋ የሚቀርብበት ቤት ከፈቱ። እንደሚተረከው፣ በመጀመሪያው ወራት ምግብን በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት አሳፋሪ መስሎ ስለ ታየ ቤቱ ገበያ አጥቶ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በልተው ዋጋውም እንዲከፈል አደረጉ ይባላል። ሆቴሉ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን ቢያቃጥለውም ታድሶ ሥራውን ቀጥሏል። የሆነ ሆኖ እቴጌይቱ ዘውድ ነበራቸው፤ ግምጃ ቤትም ነበራቸው። ስለዚህ የእርሳቸው ሥራ ነውሩን ለመስበር እንጂ መነሻ ገንዘብ ለሌላት ሴት መንገዱን ለማሳየት አይበቃም። ይህነኛውን ለማየት ወደ አቃቂ መውረድ ያስፈልጋል።

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ ከመንገዱ ጣቢያዎች አንዱ ነበረ። ከዚያ በኋላ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱ፣ የሌላውም ፋብሪካ በዚሁ በኩል ተተከለ። በ2006 ዓ.ም. ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተከፈተ፤ በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሐዲድ እስከ ቃሊቲ ተዘረጋ። ሸማኔ መኪና የሚያንቀሳቅሰው፣ ብረት የሚያቀልጠው፣ ከባድ መኪና የሚነዳው፣ ጭነት የሚያወርደው ሁሉ በዚህ ቦታ ተሰበሰበ፤ የተሰበሰበ ሰውም መብላት አለበት።

ፋብሪካ ሲተከል የመሥራቹ ስም፣ የመኪናው ዓይነት፣ የሠራተኛው ቍጥር በመዝገብ ይጻፋል። በበሩ አጠገብ እንጀራና ሽሮ አቅርባ ያነን ሠራተኛ ያበላችው ሴት ግን በመዝገቡ የለችበትም። ከዚህም በላይ ሠራተኛው ወሩን ሙሉ በዱቤ በልቶ ደመወዙን በተቀበለ ጊዜ የሚከፍል ስለ ሆነ፣ የሠራተኛው አበዳሪ እርስዋ ናት። ሳትፈርም ታበድራለች፤ ዋስ ሳትጠራም ታምናለች። እርስዋ ራስዋ ለመበደር ወደ ባንክ በሄደች ጊዜ ግን ዋስሽ ማን ነው፣ ቤትሽ የት ነው ትባላለች።

አቃቂ ለባልትና ንግድ የተመቸ ቦታ መሆኑን መናገር ይገባል። ከደቡብ ምሥራቅ የአድዓ ጤፍ የሚመጣበት መንገድ በደጁ ያልፋል፤ በዙሪያው ያለው ጥቁር መሬት ሽምብራና ምስር፣ ጓያም ያበቅላል። የማረቆና የሃላባ በርበሬ ከደቡብ ወደ ከተማው ይገባል። በዚያ ላይ የጾም ቀን ብዙ በሆነበት አገር የሽሮ ፈላጊ አይጠፋም፤ ረቡዕና ዓርብ ብቻ እንኳ ቢቈጠር በዓመት ብዙ ቀን ይሆናል።

ሥራውን የማያውቅ ሰው ሽሮ ማለት የተፈጨ እህል፣ በርበሬ ማለት የተፈጨ ቃሪያ ይመስለዋል። በርበሬ ግን ከዛላው ይቀነጠሳል፤ ፀሓይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ተሸክሽኮ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከሌላውም ቅመም ጋራ ይደለዛል፤ እንደ ገና ይሰጣል፤ በኮረሪማና በአዝሙድ ታጅቦ በቀስታ ይታመሳል፤ በመጨረሻም ይፈጫል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ቀን ቸኵላ ሳይደርቅ የከተተችው በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል፤ ይህ መርዝ ጉበትን የሚጐዳ ነው፤ ወጥ ቢፈላበትም አይጠፋም። እናቶቻችን የመርዙን ስም ሳያውቁ «በርበሬ እርጥበት አይወድም» እያሉ ሲያስጠነቅቁ የኖሩት ስለዚህ ነው። ዛሬ ከውጭ አገር በርበሬ የሚገዛው ነጋዴ በመሣሪያ የሚመረምረውን ነገር፣ ባለሙያይቱ ዛላውን በጣትዋ ሰብራ በድምፁ ትለየዋለች። መሣሪያው አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ጣት ሻጋታውን እንጂ መርዙን አይለካውምና።

የሽሮው ነገር ከዚህ ይጠነክራል። አተሩ ወይም ሽምብራው ተለቅሞ፣ ተቀቅሎ ወይም ታሽቶ፣ ተቈልቶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተነፍቶ ከቅመሙ ጋራ ይመጠናል። ጓያ ግን ርካሽ ስለ ሆነ፣ ቢፈጭም መልኩ ስለማይለይ፣ ትርፍ ብቻ የሚያይ ሰው ከሽሮው ጋራ ይደባልቀዋል። ጓያ በብዛትና ለብዙ ጊዜ የተበላ እንደ ሆነ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል፤ በረኃብ ዘመን በሰሜኑም በሸዋም ብዙ ሰው በዚህ ተጐድቷል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና አጥብቆ መቍላት መርዙን እንደሚቀንሰው ባልትና ያውቃል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። እንግዲህ በከረጢቱ ላይ ስምዋን የጻፈች ሴትና ስም የሌለው ዱቄት የሚሸጥ ሰው በገበያ ጐን ለጐን ሲቆሙ፣ የሁለተኛው ዋጋ የሚረክሰው በምን እንደ ሆነ ገዢው ቢጠይቅ መልካም ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬና እንጀራ በአዲስ አበባ የተያዘበት ጊዜ አለ፤ በዚያን ጊዜ የከሰሩት ያታለሉት ብቻ አልነበሩም። ሕዝቡ ሁሉንም ሲጠራጠር ንጹሕ የምትሠራዪቱም እንጀራ ሳይሸጥ ይውላል።

«ሙያ በልብ ነው» የሚል ተረት አለን። ለዘመኑ መልካም ነበረ፤ ለንግድ ግን አይመችም። ልክዋን በእፍኝና በዓይን የምትመጥን ሴት እርስዋ ባለችበት ቀን ሽሮው ይጣፍጣል፤ በታመመች ቀን ግን ሠራተኞችዋ ሌላ ሽሮ ያወጣሉ። ከጓዳ ወደ ድርጅት የሚያሻግረው ድልድይ ሚዛንና ደብተር ነው፤ ስንት ኪሎ ሽምብራ ስንት ኪሎ ሽሮ እንደ ወጣው፣ ምጣዱ የበላው መብራት ስንት እንደ ሆነ መጻፍ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል የሚስብ ስለ ሆነ፣ በደብተር ያልተያዘ እንደ ሆነ የእንጀራውን ትርፍ መብራቱ ይበላዋል፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን የቦካው ሊጥ ኮምጥጦ ይደፋል። ብዙዎቹ የሚከስሩት በሙያ ጕድለት ሳይሆን ይህነን ባለመቍጠር ይመስለናል። ሙያው እስከ ውጭ ገበያ ሊደርስ መቻሉንማ ወይዘሮ አስናቀች ቶማስ በቡና አሳይተዋል፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ አማሮ ተመልሰው ቡናውን ከማልማት ጀምሮ እስከ ማዘጋጀትና ወደ ውጭ እስከ መላክ ድረስ በራሳቸው ድርጅት ይዘዋል።

ሕጉም ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ ያደረገ ነበረ። ከባልና ከሚስት አንዱ ለቤቱ ጥቅም ሲል ሌላው የያዘውን ሥራ መቃወም ይችል ነበረ፤ መቃወሚያው በተግባር በማን እጅ እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህነን አስወግዶ የጋራውን ንብረት ሁለቱ በእኩልነት እንዲያስተዳድሩት አደረገ። ነገር ግን ሕግ ሲለወጥ የቤት ካርታ አብሮ አይለወጥም። ቤቱ በባል ወይም በአባት ስም፣ አለዚያም የኪራይ ሆኖ የቀረባት ሴት በአበዳሪ ፊት ባዶ እጅዋን ትቆማለች።

ይህነን ተመልክተው አሥራ አንድ ሴቶች የጠነሰሱት እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የቦርዱም ሰብሳቢ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። በዚያው ዘመን በዓለም ባንክ ገንዘብ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ብድሩን በአነስተኛ ገንዘብ ተቋማት በኩል ለሴቶች ነጋዴዎች አቀረበ፤ የዋስትናውን ችግር ለማቃለልም የተበዳሪዋን ጠባይና የመክፈል ፈቃድ በጥያቄ የሚመዝን ፈተና እስከ መሞከር ተደርሷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት እንዲያገለግል ስለ ፈቀደ፣ ወፍጮዋና ማሸጊያ መኪናዋ፣ በመጋዘን ያለው በርበሬዋ ሳይቀር መያዣ ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ሁሉ መልካም ነው። አበዳሪው ግን ከምጣድና ከወፍጮ ይልቅ አሁንም ግንብ ማየት ይወዳል።

አንድ ነገር ግን ከዋስትናውም ይልቅ ሳይታሰብ የቀረ ይመስለናል፤ እርሱም ወቅቱ ነው። አዲስ በርበሬ በብዛት ለገበያ የሚወጣው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ የሚረክሰውም ያን ጊዜ ነው፤ ለማድረቅ የሚበቃ ፀሓይ ያለውም ያን ጊዜ ነው። ሽምብራና ጤፍም ከአውድማ የሚነሡት በዚያው በበጋ ነው። በታኅሣሥ ገንዘብ በእጅዋ የያዘች ሴት የዓመቱን በርበሬ ገዝታ፣ አድርቃ፣ አስቀምጣ እስከ ክረምት በእኩል ዋጋ ትሸጣለች። ማመልከቻዋ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት ቆይቶ ብድሩ በሰኔ የወጣላት ሴት ግን በርበሬውን ከነጋዴ በውድ ትገዛለች፤ ዝናቡም አያደርቅላትም፤ ወለዱ ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቈጠርባታል። የክፍለ ከተማው ሹማምንትና የገንዘብ ተቋማቱ ኀላፊዎች የባልትና ብድር ማመልከቻዎችን ከመስከረም እስከ ጥቅምት መርምረው ገንዘቡ ከኅዳር አጋማሽ በፊት እንዲደርስ ቢያደርጉ፣ ለዚህ አዲስ አዋጅም ሆነ አዲስ በጀት አያስፈልጋቸውም።